አርባ ሰው ያጀበው ብጉንጅ

ብጉንጅ ቦታ አይመርጥም የሚል ሰው ካለ ይምጣና እኔን ያነጋግር። ይመርጣል። ፊቴን፣ ክንዴን፣ ጀርባዬን፣ ሰው ቢያየው ነውር የሌለበትን ያን ሁሉ ሰፊ አገር ትቶ፣ ወርዶ ወርዶ መቀመጫዬ ላይ ጎጆ ቀለሰ። ያውም በነሐሴ። በእኛ በኢሉባቦር ነሐሴ ማለት ጠዋት የጀመረ ዝናብ ማታ ደክሞት የሚተኛበት፣ በማግስቱ ደግሞ ካቆመበት የሚቀጥልበት ወር ነው።

መምህር ነኝ። መምህር ቆሞ ነው የሚያስተምረው፣ ብጉንጁ ምን ቸገረው ትሉኝ ይሆናል። ክረምት ነው እኮ! ትምህርት የለም። በክረምት የመምህር ሥራው መቀመጥ ነው። እኔም ሥራዬን ለመሥራት ባልቻልኩበት በዚያ ሳምንት ነው ይህ ሁሉ ጉድ የመጣው።

ጉዱን ለመረዳት መጀመሪያ ቃሬዛችንን ማወቅ አለባችሁ። ሰፈራችን በያዮና በሁሩሙ መካከል፣ ቡናው ጫካ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። በበጋ አንዳንድ መኪና ተሳስቶ ይመጣል። በክረምት ግን መኪና ቀርቶ በቅሎም አስባበት ነው የምትገባው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የቃሬዛ ማህበር አለን። ሁለት ረጃጅም አጣና፣ መሃሉ በጠፍር የተጠላለፈ፣ በቃ። ሰው ሲታመም ጡሩንባ ይነፋል፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ይወጣል፣ በሽተኛውን አራት አራት እየሆኑ በመፈራረቅ የሁለት ሰዓት መንገድ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛም ሸክሙን አስቀምጦ ትንሽ ሳይሸከም አያልፍም። ያለፈ እንደሆነ ወሬው ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

እኔ የዚህ ማህበር ጸሐፊ ነኝ። ደንቡን በእጄ የጻፍኩት እኔ፣ ማህበሩ ይፍረስ ብዬ የተነሳሁትም እኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት ወር የአንድ ቀን ሥልጠና ተጠርቼ ሄድኩ። እዚያ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል እንዴት ተቀናጅተው እንደሚሠሩ በሥዕል አሳዩን። ሦስት ቤቶች፣ በመካከላቸው ቀስቶች። ከትንሿ ቤት ወደ መካከለኛዋ ቀስት፣ ከመካከለኛዋ ወደ ትልቋ ቀስት፣ ከትልቋም ወደ ትንሿ የሚመለስ ቀስት። እንዴት ያምራል! ቀስቶቹ ላይ ጭቃ አልነበረም።

ሥዕሉ ልቤን ወሰደው። ተመልሼ ማህበሩን ሰበሰብኩና፣ «የቃሬዛ ዘመን አብቅቷል። አሁን ቅንጅት አለ፣ አምቡላንስ አለ። ይህን ቃሬዛ እግር አብጅተንለት አግዳሚ ወንበር እናድርገው፣ ስንሰበሰብ እንኳ እንቀመጥበት» አልኳቸው። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ያጨበጨቡት ለቅንጅት ይሁን ከሸክም ለመገላገል አሁንም አላውቅም።

ሊቀመንበራችን ኦቦ ገመቹ ግን አላጨበጨቡም። ጺማቸው ሳይወጣ የጀመሩት ሸክም ነው፤ ዛሬ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ የቀኝ ትከሻቸውም ከግራው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ስልችት እያላቸው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ቀስቱን ማን ነው የሚሸከመው?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። ነገሩ ወደ ድምፅ እንዲሄድ፣ ድምፁም በነሐሴ የመጨረሻው እሁድ እንዲሰጥ ተወሰነ። ቃሬዛው ይኑር ወይስ ወንበር ይሁን? እንግዲህ ብጉንጁ የመጣብኝ ከዚያ እሁድ ስምንት ቀን ሲቀረው ነው። አምላክ ቀልድ አያውቅም ያለው ማነው?

ሦስት ቀን በሆዴ ተኛሁ። ባለቤቴ አስቴር፣ «ሌንሴን ልጥራልህ» ብትለኝ፣ «ሞቼ ነው ቆሜ!» አልኳት። ሌንሴ የጤና ኬላችን ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ችግሩ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኳት መሆኗ ነው። ተማሪዎቼን ለሃያ ዓመት የማውቃቸው በፊት ለፊት ነው። በኋላ በኩል የመተዋወቅ እቅድ አልነበረኝም።

ሌንሴ ግን ሳትጠራ መጣች። ቤት ለቤት መዞር ሥራዋ ነው።

«መምህር፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«ከወገቤ በታች ነው።»

«እግርዎን?»

«ከእግሬ ከፍ ይላል።»

«ሆድዎን?»

«ከሆዴ ዝቅ ይላል።»

ልጅቷ አቀረቀረች። እኔ ከመጀመሪያውም አቀርቅሬ ነው የተኛሁት። «ልየው?» አለችኝ በጣም ቀስ ብላ። «ምን ታይዋለሽ! ሕመም ይታያል እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት። ከጮኸ መምህር ጋር የሚከራከር ተማሪ የለም፤ ወረቀቷን አወጣችና «ከወገብ በታች ከባድ ሕመም። መቀመጥ አይችልም። ለመታየት ፈቃደኛ አይደለም» ብላ ጽፋ ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር አለችኝ። አንድ ቃል አልዋሸችም።

እኔ ወረቀቱን ይዤ በነጋታው ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ሳያየኝ፣ እግሬን እንደ ዳክዬ ከፈት ከፈት እያደረግሁ ለመሄድ ቆርጬ ነበር። ሌንሴ ግን እንደ ሠለጠነችው ሠራች። ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ አምቡላንስ ጠራች። «መንገዱ አያስገባም፣ እስከ ጤና ጣቢያው አምጡት» አሏት። ከዚያ ምን አደረገች? ሕዝቡን አስተባበረች። ኦቦ ገመቹ ቤት ሄዳ ነገረቻቸው።

ጎሕ ሲቀድ እኔ ሱሪዬን በጥንቃቄ ሳጠልቅ ጡሩንባ ተነፋ።

«ማን ሞተ?» አልኳት አስቴርን።

«ማንም አልሞተም። ላንተ ነው» አለችኝ።

በበሩ ቀዳዳ ባይ አሥራ ስድስት ሰው በዝናብ ውስጥ ቆሟል። ከፊት ጡሩንባ ነፊያችን ጋሼ ይመር ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው እዚህ የሰፈሩ፣ ለሰው በመድረስ የሚቀድማቸው የሌለ ሽማግሌ። ይባስ ብሎ እኒህ ሰው የራሳቸው ጭንቀት ነበረባቸው። ልጃቸው ዘሃራ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለችው የእናቶች ማቆያ ገብታ ከተቀመጠች ሳምንት አልፏታል። እሷን ሊጠይቁ መሄጃቸው ቀን ነበር፤ የያዙላትን ገንፎ በብብታቸው ሸጉጠው ለእኔ ጡሩንባ ይነፋሉ።

«አስቴር፣ ውጪና ብጉንጅ ነው በያቸው» አልኳት።

«አሁን? ይህን ያህል ሰው እንቅልፉን ትቶ በዝናብ ከመጣ በኋላ ብጉንጅ ነው ልበል? እኔ ከዚህ ሰፈር ሰው ጋር መኖር እፈልጋለሁ። ውጣና ታመም!»

ኦቦ ገመቹ ገቡ። ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ፊታቸው ላይ ሐዘን አለ፣ ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ እሱን እኔ ብቻ አየሁት።

«አይዞህ ባርሲሳ። ጃባዱ፣ በርታ! ማህበሩ አለ» አሉኝ፣ «ማህበሩ» የምትለዋን ጫን ብለው።

«ኦቦ ገመቹ፣ እኔ እኮ በእግሬ እችላለሁ።»

«ደንብ ቁጥር አራት» አሉ።

ደንብ ቁጥር አራት፦ በሽተኛው እችላለሁ ቢል አይሰማም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሰው ኩራት ይዞት በመንገድ እንዳይወድቅ ብዬ፣ ያውም ሁለት ጊዜ አሥምሬበት። የጻፈ እጅ ይቆረጥ!

ቃሬዛው ላይ በሆዴ ተጋድሜ በትከሻቸው ተነሳሁ። ከዚህ በላይ ውርደት ምን አለ ብዬ ነበር፤ ገና መጀመሪያው ነበር። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ፣ «ማሎ፣ ኧረ ማን ነው?» ይላል። «መምህሩ ነው።» «ምን ሆኖ?» እዚህ ላይ መልሱ እንደ መላሹ ነው። መጀመሪያ አሞት ነበር። ወንዙን ስንሻገር ወገቤ ተቀጨ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ቀፎ ልሰቅል ወጥቼ ከዛፍ ወደቅሁ፤ በሕይወቴ ቀፎ ሰቅዬ አላውቅም። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ የማር ቅላቸውን ከመንገድ ዳር አስቀምጠው ቃሬዛዬ ሥር ገቡና፣ እያለቀሱ ተሸከሙኝ። ቀና ብዬ፣ «አባቴ፣ ይተዉ ግድ የለም» ብላቸው፣ «አይ የተማረ ሰው! እየሞተ እንኳ ለሰው ያስባል» ብለው ባሱ።

ከቤት ስንወጣ አሥራ ስድስት የነበርን፣ ጤና ጣቢያው በር ስንደርስ አርባ ሆነናል። ያስተማርኩትን የቁጥር ትምህርት ያን ቀን ተጠቀምኩበት፤ በሆዱ የተኛ ሰው እግር ከመቁጠር ሌላ ሥራ የለውም።

የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ነገም ያመኛል። ተረኛው ታሪኩ የሚባል ወጣት የጤና መኮንን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ዓይኑ ፍም መስሏል። በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ አየ፣ ቃሬዛውን አየ፣ የሌንሴን ወረቀት አነበበ። እኔን ግን አላየም። እውነቱን ለመናገር እኔም እንዲያየኝ አላደረግሁም። እጁን ወደ ወገቤ ሲሰድ፣ «አትንካኝ!» ብዬ ጮህኩ። አርባው ሰው በመስኮት ያያል እኮ!

«ሲነኩት እንኳ አይችልም» አለ ታሪኩ ለራሱ። ቀጥሎ በመስኮቱ ወደ ውጪ አየና፣ «ይሄን ያህል ሰው ያጀበው በሽተኛማ ከአቅማችን በላይ ነው» አለ።

ይህን ነው ቅንጅት የሚሉት። ሌንሴ እኔን አመነች፣ ታሪኩ ሌንሴንና ሕዝቡን አመነ፣ ሕዝቡ ጡሩንባውን አመነ። በመካከላችን አንድ ተጠራጣሪ ቢኖር ሱሪዬን ያስወልቀኝ ነበር፤ አልነበረም። ታሪኩ ጻፈ፦ «በቃሬዛ የመጣ። ከወገብ በታች ሽባነት ይጠረጠራል። ባስቸኳይ ወደ መቱ።» ማኅተሙን ሲመታበት ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ እኔም አብሬ።

አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። ለእኔ ግን አልነበረም። ዘሃራ ሌሊቱን ምጥ ይዟት አድሮ አልሆነላትም፤ አዋላጇ መቱ መሄድ አለባት ብላ አምቡላንሱን ያስነሳችው ለእሷ ነው። ጋሼ ይመር ገንፎውን ይዘው ወደ ማቆያዋ ሲገቡ ነው የሰሙት። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

አንድ አምቡላንስ፣ ሁለት በሽተኛ፣ አንድ አልጋ። አልጋው የማን ነው? ወረቀት ከወረቀት ተነጻጸረ። የዘሃራ ወረቀት «በእግሯ የመጣች» ይላል። የእኔ «በቃሬዛ የመጣ» ይላል። ደግሞስ እሷን ያጀበ ማን አለ? አባቷ ብቻ። አልጋው ለእኔ ተሰጠ።

ዘሃራን ከጎኔ ካለችው ጠባብ አግዳሚ ላይ በአዋላጇና በአባቷ መካከል አስቀመጧት። እሷም ተማሪዬ ነበረች፤ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ምጡ ሲመጣ የአልጋዬን ብረት ትጨብጣለች፣ ትነክሳለች፣ አትጮህም። ሲለቃት ቀና ብላ፣ ላቧ በፊቷ እየወረደ፣ «መምህር፣ አይዞዎት» አለችኝ።

ኧረ መሬት ተከፈቺ! ልናገር አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ኦቦ ገመቹ ከሾፌሩ ጎን ሆነው፣ «ባርሲሳ፣ እሁድ ስንሰበሰብ አንተ እንኳ ባትኖር ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይይዛል፣ አታስብ» ሲሉኝ አፌ ተመልሶ ተዘጋ። አልጋው ላይ ተጋድሜ፣ እሷ ተቀምጣ፣ እንዲሁ ሄድን። ብዙ የሞኝነት ሥራ ሠርቻለሁ፤ በሌላው ሁሉ እስቃለሁ፤ በዚህኛው ግን አሁንም አልስቅም።

ቃሬዛውስ አልቀረም። ደንብ ቁጥር ዘጠኝ፦ ቃሬዛ በሽተኛውን ሐኪም ሳይረከበው አይመለስም። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሰሞን ምን ነክቶኝ እንደነበረ እንጃ። ስለዚህ አምቡላንሱ አናት ላይ ታሰረ፤ ሁለት ጎረምሶችም ከኋላ በር ተንጠለጠሉ። ቃሬዛን አስቀርቶ ሊተካ የመጣ አምቡላንስ ቃሬዛ ተሸክሞ ሲሄድ ያየ ሰው ሁሉ ቆሞ ይስቃል።

ያን ጊዜ አስፋልቱ ገና ወደ እኛ አልደረሰም። የመቱ ቆርቆሮ ከሩቅ ብልጭ ብሎ እንደታየን ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተንሸራተተ፣ ተጣመመ፣ በጎማው ቆፍሮ ገባና ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ዞሮ አየው። «ይሄ ያለ ትራክተር አይወጣም» አለ። በእግር ከአንድ ሰዓት የማያንስ ቀርቶናል። ዝናቡ አላቋረጠም።

አዋላጇ ዘሃራን ዳሰሰችና ፊቷ ተለዋወጠ። «መጠበቅ አንችልም። ቃሬዛውን አውርዱ!» አለች።

ወረደ። ጭቃው ላይ ተዘረጋ። ኦቦ ገመቹ ቃሬዛውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዘሃራን አዩ። ደንብ ያስተማርኳቸው ሰው ናቸው።

«ቃሬዛው የወጣው ለባርሲሳ ነው። ሽባ የሆነን ሰው ጭቃ ላይ ጥለን እንሂድ? እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ማህበር ተደርጎ አያውቅም።»

«ሁለቱንም መውሰድ አይቻልም» አለች አዋላጇ። «ማን ይቅደም?»

ጋሼ ይመር ምንም አላሉም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። የልጄን ነገር አስቀድሙ አላሉም፣ አልለመኑም። ጠዋት ለእኔ ጡሩንባ የነፉበት አፋቸው ተዘግቶ፣ ዓይናቸው ብቻ እኔ ላይ ነው። ከአልጋው ዘልዬ ወረድኩ። አዎ፣ ዘልዬ።

«ብጉንጅ ነው!» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ምኑ?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ሕመሜ! ብጉንጅ ነው! መቀመጫዬ ላይ ብጉንጅ ወጥቶብኝ ነው! አፍሬ ነው! ወገቤም ደህና ነው፣ እግሬም ደህና ነው፣ ከዛፍም አልወደቅሁም፤ እሷን አስተኟት!»

በዚያ በጭንቅ መሃል መጀመሪያ የሳቀው ማን መሰላችሁ? ዘሃራ። የመኪናውን በር በሁለት እጇ ይዛ፣ ከአንጀቷ ሳቀች። «ወላሂ መምህር፣ እኔ እኮ ይሞታሉ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የመጣሁት» አለችኝና ምጧ ሳቋን ቆረጠው።

አስተኟት። ሁለቱ ጎረምሶች ከኋላ ገቡ። ከፊት በግራ ጋሼ ይመር። ከፊት በቀኝ ኦቦ ገመቹ ገብተው ሊያነሱ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸውና ተንበረከኩ። ሾፌሩ መኪናውን ትቶ አይሄድም። አዋላጇ ከጎን ሆና ዘሃራን መያዝ አለባት። የቀረ ወንድ ብጉንጅ ያለበት ብቻ ነው።

ከፊት በቀኝ ገባሁ።

ስለዚያ መንገድ ምን ልንገራችሁ? ቁልቁለቱን ስንወርድ ጭቃው እስከ ጉልበቴ፣ ዳገቱን ስንወጣ ትንፋሼ እስከ ጆሮዬ። ሃያ ዓመት ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው አጣና ሲይዝ ልዩነቱ የሚገባው ትከሻው ላይ ነው። በየመንገዱ ሰው እየተቀበለን ጎረምሶቹንም ጋሼ ይመርንም አሳረፋቸው። እኔን ሊያሳርፈኝ የመጣውን ሁሉ ግን ኦቦ ገመቹ ከኋላ እያነከሱ፣ «እሱን ተዉት! እሱ በሽተኛ ነው፣ ሪፈር አለው!» እያሉ መለሱብኝ። ይገባኛል።

ብጉንጄ የፈረጠው ከተማው ልንገባ ስንል ነው። ሦስት ቀን በሆዴ ተኝቼ ያላገኘሁትን እፎይታ አጣና ተሸክሜ አገኘሁት። ጮህኩ። የከተማው ሰው ለዘሃራ የጮህኩ መስሎት ከኋላችን መሮጥ ጀመረ፤ ሆስፒታሉ በር ስንደርስ እንደገና አርባ ሰው ሆነን ነበር።

ዘሃራን ተቀብለው ወዲያው ወደ ውስጥ አስገቧት። አዋላጇ ሁለቱንም ወረቀት አስረከበች። አንዲት ሐኪም ሁለተኛውን ይዛ ወጣችና፣ «ከወገቡ በታች ሽባ የተባለው የታለ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ቃሬዛውም አሁንም ትከሻዬ ላይ ነው፤ የማወርድበት ጠፍቶኝ ቆሜያለሁ። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቱን ገልብጣ ደግሞ አየች።

«ቃሬዛ ተሸክመው የመጡት?»

«አዎ።»

ይዛኝ ገባችና፣ «ሱሪዎን ያውልቁ» አለችኝ። እንግዲህ ይህቺን ሁለት ቃል ነው ከጎሕ ጀምሮ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ጡሩንባ፣ ያ ሁሉ ማኅተም ያላገኛት። አጠበችኝ፣ ሸፈነችው፣ ከዚያ የመልስ ወረቀቱን ሞላች። በሥዕሉ ላይ ከትልቋ ቤት ወደ ትንሿ የሚመለሰውን ያን ቀስት አስታወሳችሁ? እሱ ነው። አነበብኩት። «ብጉንጅ። ፈርጧል። ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ። ይህ በጤና ኬላ የሚታይ ነው።»

እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ (መቀመጫ ቢያቀርቡልኝም ምን ያደርግልኛል?) ከውስጥ ልጅ አለቀሰ። ጋሼ ይመር ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «አልሃምዱሊላህ» አሉና ያን ከጎሕ ጀምሮ በብብታቸው የያዙትን ገንፎ አውጥተው፣ ያን የቀዘቀዘ፣ ዝናብ የገባበት ገንፎ፣ ለእኔም ለኦቦ ገመቹም እየቆረሱ አጎረሱን። እኔ አለቀስኩ። ያን ያህል የጣፈጠ ነገር በልቼ አላውቅም።

የመልሱን ወረቀት ራሴ ተሸክሜ ተመለስኩ፤ ቀስት ማለት ለካ እኔው ነኝ። ታሪኩ አነበበውና እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ፤ ከዚያ መዝገብ ላይ ጻፈው። ሌንሴ አነበበችና፣ «ሰኞ ዕለት ቢያሳዩኝ ኖሮ እኮ መምህር…» ብላ ሳትጨርስ ውሃ ልታፈላ ሄደች። ቁስሉን በየቀኑ የምታጥበው እሷ ናት። ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ክብር በአንድ የሞቀ ውሃ አለቀ፤ አልሞትኩም።

እሁድ ደረሰ። ማህበሩ ሞላ፤ መጥቶ የማያውቀውም ሳይቀር መጣ። ለቃሬዛው ጉዳይ ይሁን ለብጉንጁ ወሬ አልጠይቅም። ዘሃራም ልጇን ታቅፋ ከአባቷ ጋር መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አርፈሽ ተኚ ብትባል እምቢ ብላ ነው። ኦቦ ገመቹ ተነስተው፣ «ቃሬዛው ወንበር ይሁን የሚል እጁን ያውጣ» አሉ።

አንድም እጅ አልወጣም። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እኔ ከግድግዳው ጥግ ቆሜ መዝገቤን እያገላበጥኩ ነው። ኦቦ ገመቹ ሊሰድቡኝ፣ ሊተርቡኝ ይችሉ ነበር፤ ሙሉ መብታቸው ነበር። «ጻፍ ባርሲሳ» ብቻ አሉኝ። ጻፍኩ።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ጋሼ ይመር እጃቸውን አወጡ። «አንድ አዲስ አባል ይመዝገብልኝ» አሉ። «ቃሬዛ ላይ የመጣ ሰው፣ የትከሻ ዕዳ አለበት። የልጅ ልጄ ትጻፍልኝ።»

«ጋሼ ይመር፣ ደንብ ቁጥር ሁለት ወንድ ይላል እኮ» አልኩ። የጸሐፊ በሽታ አይለቅም።

ዘሃራ ከበሩ አጠገብ ቀና አለች። «መምህር» አለችኝ፣ «ሁሉን ደንብ ልናነብ ነው? የዚያን ዕለት በቃሬዛ የመጣውስ በሽተኛ ነበር?»

ኦቦ ገመቹ ሳቃቸውን በካፖርታቸው ሸፈኑ። እኔ ብዕሬን አነሳሁ። የልጅቷን ስም ጻፍኩ። «የምትሸከምበት ቦታ» በሚለው ላይ፣ «ከፊት በቀኝ» ብዬ ሞላሁ። ትከሻዋ ለአጣናው እስኪደርስ አሥራ ስምንት ዓመት ይጠብቃታል፤ እስከዚያ ድረስ ማህበሩን ማፍረስ አይቻልም፤ እስከዚያም ቦታዋን የምይዝላት እኔ ነኝ።